ለተናካሽ ውሻ የሰፈር ደንብ ሲጻፍ ምን ይግባበት?

ጥያቄው፦ «የነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ትናንት በሰፈራችን የውስጥ መንገድ ብስክሌት ሲነዳ የነበረን የ9 ዓመት ልጅ፣ ከተከፈተ በር የወጣ የጎረቤት ውሻ ባቱንና ክንዱን ነከሰው። ይኸው ውሻ ከጥቂት ወራት በፊት የአንዲት መንገደኛ ቀሚስ ይዞ ቀዶ ነበር። ባለቤቱ ‹ሰው ነክሶ አያውቅም፤ ከውሻው ተጠንቀቁ የሚል ጽሑፍም በሬ ላይ ለጥፌአለሁ› ይላሉ። ገሚሱ ነዋሪ ውሻው ዛሬውኑ ይገደል ይላል፣ ገሚሱ ትልልቅ ዝርያዎች ይታገዱ ይላል፣ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ እንጨርስ የሚሉም አሉ። ደንብ አርቃቂ ሆነን ተመርጠናል። ምን እናስገባ?»

ከደንቡ በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር ይታረም፤ ውሻው ዛሬ አይገደልም። ልጁ ለእብድ ውሻ በሽታ መጋለጥ አለመጋለጡን የሚነግራችሁ ማስረጃ እሱ ራሱ ነው። በበሽታው የተያዘ ውሻ ቫይረሱን በምራቁ ማውጣት ከጀመረ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ በ10 ቀን ውስጥ ምልክቱ ወጥቶበት ይሞታል። ስለዚህ ከነከሰበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ተዘግቶበት ሲጠበቅ ቆይቶ ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ገድላችሁ ከቀበራችሁት መልሱም አብሮ ይቀበራል። የእንስሳት ሐኪም በመጀመሪያውና በ10ኛው ቀን ይየው። በመሃል ምግብ እምቢ ካለ፣ ድምፁ ከተቀየረ፣ ለሀጩ ከተዝረበረበ፣ የኋላ እግሩ ከከዳው ወይም ያገኘውን ሁሉ መንከስ ከጀመረ ሐኪሙ በዚያው ሰዓት ይጠራ። የክትባት ወረቀት ያለው ውሻም ከዚህ ጥበቃ ነፃ አይሆንም። ያልተከተበ ከሆነ ደግሞ በእነዚህ 10 ቀናት ውስጥ አትከትቡት፤ ከክትባት በኋላ የሚመጣው ድብታ ከበሽታው ምልክት ጋር ይምታታል። በጥበቃ ላይ እያለ ከሞተ ጭንቅላቱ ሳይጎዳ፣ በቅዝቃዜ ተይዞ ወደ እንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይላክ፤ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ነው።

ልጁ ግን 10 ቀን አይጠብቅም። ቁስሉ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ፣ በግምት ሲሆን ሁልጊዜ ያጥራል። እስካሁን ካልታጠበ አሁንም ይታጠብ። ዛሬውኑ ጤና ተቋም ይድረስና ክትባት ይጀምር። ጥርሱ ቆዳ በስቶ ከሆነ ክትባቱ ብቻውን አይበቃም፤ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለው መድኃኒት ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል። በመጀመሪያው ቀን ካልተገኘ እንኳ ክትባቱ ከተጀመረ እስከ 7ኛው ቀን ድረስ መስጠት ይቻላል። ውሻው በ10ኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ የቀረውን ክትባት ማቋረጥ የሐኪሙ ውሳኔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈውም እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ በኩል ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፤ ቀድሞ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። ደንባችሁ ሌላው ሁሉ ቢጎድለው እንኳ እነዚህ ሁለት አንቀጾች አይጉደሉት።

ወደ ባለቤቱ ክርክር ልምጣ። «ነክሶ አያውቅም» የሚለው አያስኬድም፤ ውሻው ቀሚስ ሲቀድ አስጠንቅቆ ነበር። የውሻ ባህርይ ባለሙያው ዶክተር ኢያን ደንባር ያወጣው መለኪያ ንክሻን በ6 ደረጃ ይከፍላል። ቆዳ ሳይነካ መቃጣትና ልብስ መያዝ 1ኛው ነው። ጥርስ ቆዳ ነክቶ ሳይበሳ ሲቀር 2ኛ ይሆናል። በአንድ ንክሻ ከ1 እስከ 4 ቀዳዳ ትቶ ጥልቀቱ ከክራንቻው ግማሽ ካላለፈ 3ኛ፣ ከግማሹ ካለፈ 4ኛ ነው። በ4ኛው ደረጃ ጥልቀት ደጋግሞ ሲነክስ 5ኛ፣ ሲገድል 6ኛ ይባላል። የልጁ ባትና ክንድ ሁለቱም ስለተነከሱ ጉዳዩ ከአንድ ንክሻ አልፏል፤ ሐኪሙ የቀዳዳውን ብዛትና ጥልቀት በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ከሕጉም ወገን፣ ባለቤቱ የእንስሳውን ክፉ ጠባይ ቀድሞ ማወቁ ይረጋገጥ የሚለው የቆየ የእንግሊዝ የፍርድ ቤት አስተሳሰብ ነው። ብዙ አገሮች በዚያ አይሄዱም። ለምሳሌ የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1243 እንስሳው በባለቤቱ ጥበቃ ሥር ቢሆንም፣ አምልጦ ቢሆንም ባለቤቱን ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የእናንተን አገር ድንጋጌ ደንቡ ከመጽደቁ በፊት በሕግ ባለሙያ አሳዩ። በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍም መንገድ ላይ ለተነከሰ ልጅ መልስ አይሆንም፤ እንዲያውም ባለቤቱ አደጋውን ቀድመው ያውቁ እንደነበር ማስረጃ ተደርጎ ሊቀርብባቸው ይችላል።

ዝርያ ማገድ ብዙ ቦታ ተሞክሯል። እንግሊዝ በ1991 (እዚህም ሆነ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣችው ሕግ ፒት ቡልን ጨምሮ 4 ዓይነት ውሾችን አገደች። ከ30 ዓመት በላይ ቆይታ፣ በ2023 መጨረሻ በእንግሊዝና በዌልስ ኤክስ ኤል ቡሊ የተባለውን 5ኛ አድርጋ ጨመረች። ኔዘርላንድስ በ1993 ፒት ቡልን አግዳ፣ ንክሻ አለመቀነሱ ሲታይ በ2008 እገዳውን ለመተው ወሰነች። ጣሊያንም የነበራትን የዝርያ ዝርዝር በ2009 ጥላዋለች። አንዱን ዝርያ ስታግዱ አስፈሪ ውሻ የሚፈልግ ሰው ወደ ሌላው ይሄዳል። ድቅል ውሻን በዓይን አይቶ ዝርያው ይህ ነው ማለትም ለሙያተኛ ጭምር አስቸጋሪ ነው፤ የኮሚቴው ስብሰባ በሙሉ ስለ ጆሮና ስለ መንጋጋ ቅርጽ ክርክር ሆኖ ይቀራል። በ2022 የወጣ ከ18,000 በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት፣ ዝርያ በውሾች መካከል ካለው የባህርይ ልዩነት 9 በመቶውን ያህል ብቻ እንደሚያስረዳ አሳይቷል። የሚታመን አንድ ነገር አለ፤ ትልቅ ውሻ ሲነክስ ጉዳቱ ይከብዳል። ስለዚህ የውሻው ክብደት መንገድ ላይ ማን ይያዘው፣ በምን ይያዝ ለሚለው መመዘኛ ይሁን፤ ማሳደግ ይፈቀዳል አይፈቀድም ለሚለው ግን አይሁን።

ውሻን ተናካሽ የሚያደርገው በአብዛኛው አያያዙ ነው። በአሜሪካ ከ2000 እስከ 2009 ውሻ ገድሏቸው የሞቱ 256 ሰዎችን ጉዳይ አንድ በአንድ የመረመረ ጥናት፣ በ76.2 በመቶው ውሾቹ ከቤተሰብ ተለይተው፣ ግቢ ውስጥ ወይም በሰንሰለት ላይ የሚውሉ እንደነበሩ አገኘ። በ84.4 በመቶው ውሾቹ አልተኮላሹም ነበር። በ87.1 በመቶው ደግሞ በቦታው ደርሶ ሊያስጥል የሚችል ሰው አልነበረም። አብዛኛው አደጋ የደረሰው 4 እና ከዚያ በላይ ምክንያቶች አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው። «ውሻ ሁሉ ቀን ከሌት ይታሰር» የሚል አንቀጽ ልትጽፉ አስባችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ። የታሰረ ውሻ የሚያስፈራው ነገር ሲመጣ መሸሽ አይችልም፤ የቀረው መንገድ መንከስ ነው። ሰንሰለቱ የሚደርስበትን መሬት እስከ ጫፉ እንደ ግዛቱ ሲጠብቅ ይውልና ማሰሪያው የተበጠሰ ቀን ቁጣውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ብስክሌትን በተመለከተ፣ ፈጥኖ የሚሸሽ ነገር ማባረር የውሻ ተፈጥሮ ነው። ያንን የሚያስቀረው የተዘጋ በር ነው።

ደንቡ የሚያዝበት ቦታ ትርጓሜው ነው። ትርጓሜው ከላላ ጩኸት የሚረብሸው ጎረቤት ሁሉ ከሳሽ ይሆናል። እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ይበቃል፦ «ከባለቤቱ ይዞታ ውጭ ሰው ሳይዘው የተገኘ ውሻ ልቅ ነው። ሳይተነኮስ ሰውን ያሳደደ፣ ልብስ የያዘ፣ ወይም ሰው በበቂ ምክንያት ጉዳት ይደርስብኛል ብሎ እንዲሰጋ ያደረገ ውሻ አስጊ ነው። ሳይተነኮስ የሰው ቆዳ የበሳ፣ የሌላ ሰው እንስሳ ያቆሰለ ወይም የገደለ፣ ወይም አስጊ ተብሎ የተጣለበት ግዴታ የተጣሰ ውሻ አደገኛ ነው።» መተናኮስ ምን እንደሆነም በግልጽ ይነገር፦ መምታት፣ ድንጋይ መወርወር፣ አጥር ዘሎ መግባት፣ ከሚበላው ምግብ ወይም ከቡችሎቿ መቀማት፣ ቁስሉን መንካት። በመንገድ ማለፍ፣ መሮጥና ብስክሌት መንዳት መተናኮስ እንዳልሆኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፤ ሳይጻፍ ከቀረ የባለቤቱ የመጀመሪያ መከራከሪያ ይሆናል። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ሕግ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ውሻውን እንዳልተነኮሰ አድርጎ ይነሣና የማስረዳቱን ሸክም ወደ ሌላው ወገን ያዞራል። ይህን መውሰድ ይበጃል። በር ላይ ሆኖ የሚጮህ ውሻ ግን አስጊ አይባል፤ ጩኸት ሌላ አንቀጽ ይበጅለት።

ልቅ ሆኖ ለተገኘ ውሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና መቀጮ ይበቃል። አስጊ የተባለው ከግቢ ሲወጣ ከ1.8 ሜትር በማይበልጥ ገመድ፣ ሊገታው በሚችል አዋቂ ይያዛል። እየተለቀቀ የሚጠቀለለው ቀጭን ገመድ አይፈቀድ፤ መቆለፊያው ከከዳ ውሻው ሜትሮችን ርቆ ከሄደ በኋላ ነው የሚይዘው፣ ገመዱም እጅ ይቆርጣል። አደገኛ ለተባለው በዚህ ላይ የአፍ መከለያ ይታከላል። መከለያው ውሻው አፉን ከፍቶ እንዲያለከልክና ውሃ እንዲጠጣ የሚያስችል የቅርጫት ቅርጽ ያለው ይሁን። አፍ ጥርቅም አድርጎ የሚያስረው የጨርቅ ዓይነት በሙቀት ሰዓት ሊገድለው ይችላል፤ ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። መከለያውን በአንድ ቀን አይለምድም፤ ባለቤቱ ምግብ በውስጡ እያስቀመጠ በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ በማጥለቅ 1 ወይም 2 ሳምንት ያለማምደው። እስኪለምድ ከግቢ አይውጣ።

የግቢው ነገር በዝርዝር ይጻፍ፤ «በቂ አጥር» የሚል ቃል ማንንም አይገዛም። አጥሩ ከመሬት 1.8 ሜትር ይቁም፣ ሥሩ 30 ሴንቲ ሜትር ይቀበር ወይም ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ፤ ቆፋሪ ውሻ የሚያመልጠው ከታች ነው። በበሩ ሥር ያለው ክፍተት ከ5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። አጥሩ ጥግ ላይ የተከመረ እንጨት ወይም ጡብ አይኑር፣ መወጣጫ ይሆናል። ከሁሉ በላይ በሩ ራሱ ተመልሶ የሚዘጋ ስፕሪንግ፣ ልጅ የማይደርስበት መቀርቀሪያና ቁልፍ ይኑረው። የእናንተን ልጅ ያስነከሰው የተከፈተ በር ነው፤ ለአደገኛ ውሻ የውጭው በር ቢከፈት እንኳ መንገድ የማያገኝበት ሁለተኛ የውስጥ በር ግዴታ ይሁን። ውሻው ባለ 15 አሃዝ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ መለያ) ይተከልለት፣ ክትባቱ በየጊዜው ይታደስ፣ በ30 ቀን ውስጥም ይኮላሽ። ማኮላሸት ከግቢ እየወጣ መዞርንና በወንዶች መካከል የሚነሣን ጠብ ይቀንሳል። ከፍርሃት የሚነሣን ንክሻ ግን አያድንም፤ «ተኮላሽቷልና መከለያው ይነሣለት» የሚል ጥያቄ አትቀበሉ። ባለቤቱ ውሻውን ሲሸጥ ወይም ሲሰጥ ታሪኩን ለተቀባዩም ለኮሚቴውም በጽሑፍ ያሳውቅ። አለዚያ አደጋው ሰፈር ብቻ ይቀይራል።

እንዲህ ዓይነት ደንብ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው አፈጻጸም ላይ ነው። የቀሚሱ ነገር የዚያን ጊዜ ቢመዘገብ ኖሮ ልጁ ባልተነከሰ፤ አሁን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኗል። ስለዚህ ማንኛውም ንክሻና ማሳደድ በ24 ሰዓት ውስጥ ስሙ ተለይቶ ለተጻፈ አንድ ሰው ይነገር። ያ ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ምስክሮችን፣ አጠገቡ ማስመሪያ የተደረገበት የቁስል ፎቶና የክትባት ወረቀቱን ቅጂ በአንድ መዝገብ ያኑር። ውሳኔውን ከጉዳዩ ጋር ዝምድና የሌላቸው 3 ሰዎች ይስጡ። ባለቤቱ ክሱን በጽሑፍ አግኝቶ በ7 ቀን ውስጥ ይሰማ፣ ውሳኔው ከምክንያቱ ጋር ይጻፍ፣ ይግባኝ የሚባልበትም ቦታ ይታወቅ። ይግባኝ እስኪወሰን ገመዱና የተዘጋው በር ተፈጻሚ ሆነው ይቆዩ። መደበቅ ከንክሻው በላይ ያስቀጣ፤ ቅጣቱ ሁሉ ንክሻው ላይ ከተጫነ ሰዎች ውሻውን ያሸሻሉ፣ የ10 ቀኑ ጥበቃም ይቀራል። አስጊ የተባለ ውሻ 12 ወር ያለ ጥፋት ከቆየ ጉዳዩ ዳግም ይታይለት። ይህ ተስፋ ከሌለ ባለቤቱ ለመተባበር ምክንያት ያጣል።

የማኅበሩን ወሰን ደግሞ እወቁ። ማኅበር ነዋሪውን በተስማማበት ደንብ ሊያስገድድ፣ ሊቀጣና ለመንግሥት አካል ሊያመለክት ይችላል። የሰው ንብረት የሆነን እንስሳ ነጥቆ መግደል ግን የሕግ ሥልጣን ያለው አካል ወይም የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ ደንቡ ውስጥ ብትጽፉት እናንተው ትከሰሱበታላችሁ። ከባድና ተደጋጋሚ ንክሻ ላደረሰ ውሻ በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ መገደል ትክክለኛ ውሳኔ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያ ውሳኔ የሚጠየቀው ከ10ኛው ቀን በኋላ፣ ማስረጃ ተይዞ ነው።

መርዙን በፍጹም አታስቡት። መርዝ የተነከረ ሥጋ ማን እንደሚበላው አይመርጥም፤ ባለቤት ያለውን ውሻ፣ ድመቱን፣ ሬሳውን የሚበላውን አሞራና መሬት ላይ ያገኘውን ወደ አፉ የሚወስደውን ሕፃን ያገኛል። በበሽታው ላይም ቢሆን ይጎዳችኋል። የእብድ ውሻ በሽታ በውሾች መካከል እንዳይዛመት 70 በመቶው መከተብ አለበት። በሰፈሩ 60 ውሾች ቢኖሩ 42ቱ ማለት ነው። ከተከተቡት 20ውን መርዝ ቢጨርስና የተራረፈው ምግብ ያለበት ቦታ ባዶ ስለማይቀር 20 ያልተከተቡ መጤዎች ቢተኩ፣ የቀሩት የተከተቡት 22 ናቸው። ይህ 37 በመቶ መሆኑ ነው፤ ገንዘብ አውጥታችሁ በሽታውን ጋበዛችሁት። ባለቤት የሌላቸውን መያዝ፣ መከተብ፣ ማኮላሸት፣ ምልክት አድርጎ ወደ ነበሩበት መመለስ በየዓመቱ ይደረግ፤ በዘመቻው ቡችሎችም ይከተቡ። ቁጥራቸውን በእርግጥ የሚቀንሰው ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያና በሰዓቱ የሚነሣ ቆሻሻ ነው።

ስለ ሌሎች እንስሳት አንድ አጭር ምዕራፍ ይበቃችኋል። ዝንጀሮ፣ ጦጣና አዳኝ አራዊት በመኖሪያ ቤት ማሳደግ ሙሉ በሙሉ ይከልከል፤ የ10 ቀኑ ጥበቃ የሚያገለግለው ለውሻና ለድመት ብቻ ስለሆነ፣ ዱር አራዊት የነከሰው ሰው ውጤት አይጠብቅም፣ ሙሉ ሕክምናውን ይወስዳል። የንብ ቀፎ መግቢያው ከመንገድ በተቃራኒ ይዙር፣ በመንገዱ በኩል 2 ሜትር አጥር ይቁምና ንቦቹ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብለው እንዲበሩ ይገደዱ። ወደ ሰፈር የመጣ የዱር እንስሳ ለዱር እንስሳት አስተዳደር ይነገር እንጂ ነዋሪው ከቦ አይያዘው።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ዝርያ የሚል ቃል ደንቡ ውስጥ አታስገቡ። ውሻውን ዛሬ ተዘግቶበት በሐኪም ክትትል ሥር አድርጉ፤ የባለቤቱ ግቢ ሁለተኛ በር እስኪሠራለት ሌላ ቦታ ይቆይ። ጊዜያዊውን ውሳኔ በዚህ ሳምንት በአንድ ገጽ አጽድቁ፣ ሙሉውን ደንብ ለማርቀቅ አንድ ወር ውሰዱ። ከ10ኛው ቀን በኋላ ውሻው «አደገኛ» ተብሎ ይመዝገብና የተጻፈው ሁሉ ይፈጸምበት። ባለቤቱ አጥሩን በ30 ቀን ካልሠሩ ውሻው ከሰፈሩ እንዲወጣ ለሚመለከተው አካል አመልክቱ። እስከዚያው ልጆቹን ሰብስባችሁ ውሻ ሲመጣ መሮጥ እንደሌለባቸው አሳዩአቸው፦ ከብስክሌቱ ወርዶ ብስክሌቱን በራስና በውሻው መካከል ማድረግ፣ እጅን ሰብስቦ ዝም ብሎ መቆም፣ ዓይን ለዓይን አለመተያየት፤ ከወደቁ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ጆሮና አንገትን በእጅ መሸፈን። የ10ኛው ቀን የሐኪም ወረቀት እንደወጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚደርሰው ለልጁ ወላጆች ይሁን፤ ክትባቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን የልጁ ሐኪም የሚወስነው ያንን ይዞ ነው።